ቅዳሜ፣ እንጦጦ ዳገት ላይ

ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሦስት የድሮ ባልንጀሮች ሽሮ ሜዳ እንገናኛለን። ያን ሰዓት ሸማ ሻጮቹ ሱቃቸውን አልከፈቱም፤ አስፋልቱ ላይ የሚታየው ነጠላውን ተከናንቦ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወጣ ሰውና ጭነቱን እያስተካከለ የሚወርድ አህያ ብቻ ነው። አንደኛው ቆሎ፣ ሁለተኛው ውኃ፣ እኔ ከዘራ ይዘን ዳገቱን እንጀምራለን። ልማዱ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1974 ዓ.ም. ለማትሪክ ስናጠና ደብተራችንን በብብታችን ይዘን ባሕር ዛፉ ሥር እንቀመጥ ነበር። ፈተናው አለፈ፤ ትዳሩም፣ ሥራውም፣ ጡረታውም ተከትሎ መጣ፤ መንገዱን ግን አልተውነውም።

ልጆቼ “አባዬ፣ ሰው ሐዋሳ ይሄዳል፣ ቢሾፍቱ ይሄዳል፤ አንተ ሁልጊዜ እንጦጦ!” ይሉኛል። ሐዋሳንም ቢሾፍቱንም እወዳቸዋለሁ። ግን እዚያ ስሄድ እንግዳ ነኝ፤ አይቼ፣ ተደንቄ እመለሳለሁ። እንጦጦ ላይ ደግሞ የትኛው ጥግ ላይ ነፋሱ እንደሚበረታ፣ ክረምት የቦረቦረው መንገድ የት ጋ እንደሚያንሸራትት፣ ቀጋው እሾሁን የት ጋ እንደዘረጋ እግሬ ራሱ ያውቃል። የቦታ ፍቅር በአንድ ጉዞ የሚገኝ አይመስለኝም። ተመላልሰው ሲረግጡት፣ በተለይም የወጣትነት መልክዎን ከሚያስታውስ ሰው ጋር ሲረግጡት ነው የሚገኘው።

ከመካከላችን አንዱ ዕድሜውን ሁሉ ታሪክ አስተምሯል። ትንፋሽ ለመሰብሰብ ስንቆም እሱ ያስተምራል፤ እኛም ደጋግመን የሰማነውን እንደ አዲስ እንሰማለን። ዐፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የነገሡት እዚሁ፣ እንጦጦ ማርያም ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለው ቤተ መንግሥታቸው በእንጨትና በጭቃ የተሠራ፣ በሣር የተከደነ ቤት ነው፤ ላየው ሰው ከአንድ ባለጸጋ ገበሬ ቤት ብዙም አይለይም። ግድግዳውን ባየሁ ቁጥር የዚያን ዘመን ሰዎች ብርድ ቻይነት ይገርመኛል፤ ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ያለፈ ተራራ ላይ ሐምሌና ነሐሴን ያሳለፉት በዚያ ቤት ነው። እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍል ውኃው ወርደው ቦታውን ሲወዱትና በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትቆረቆር፣ ብርዱም የማገዶው እጥረትም ገፋፍቷቸው ነው ይላል ወዳጄ። ተራራው ያን ጊዜ ተራቁቶ ነበር። አሁን የምናርፍበት ጥላ ራሱ አልነበረም። ባሕር ዛፉ ከአውስትራሊያ መጥቶ የተተከለው ከዚያ በኋላ ነው፤ ማገዶ አጥታ ልትለቀቅ የነበረችውን ከተማ በቦታዋ ያጸናትም እሱ ነው።

ባሕር ዛፍ መሬት ያደርቃል፣ ከሥሩ ሌላ ተክል አያበቅልም ሲባል እሰማለሁ፤ እውነት ነው። በየጥጉ የጽድ፣ የወይራና የኮሶ ችግኝ ሲያቆጠቁጥ ሳይ ደስ የሚለኝም ለዚሁ ነው። ሆኖም ዝናብ ካባራ በኋላ የሚመጣው የቅጠሉ ሽታ አፍንጫዬ ሲደርስ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ይህን የምክድበት ምክንያት አላገኘሁም።

በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው ፓርክ ብዙ ቤተሰብ ወደ ተራራው አምጥቷል። ሕፃናት ሲሮጡ፣ ሽማግሌዎች ወንበር ላይ አርፈው ከተማዋን ቁልቁል ሲያዩ ማየት ያስደስታል። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በእግር የሚወጣው ሰው አቋራጭ አይዘጋበት። ተራራው የመኪናው መንገድ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር። ያንን አቋራጭ አካፋና ዶማ አላወጡትም፤ ለመስከረም 1 የራጉኤል ንግሥ የሚወጣው ምእመን፣ ጠበል የሚሄደው ሕመምተኛ፣ ጎህ ሳይቀድ የሚሮጠው አትሌት እና ቅጠል ተሸካሚዋ እናት በእግራቸው አወጡት።

ስለ ቅጠል ተሸካሚዎቹ ልናገር። ከጥቂት ሳምንታት በፊት እኛ ስንወጣ አንዲት ሴት ስትወርድ አገኘናት። ሸክሙ ከወገቧ በላይ ተነሥቶ ራሷን ሸፍኗታል፤ ከፊት የሚታየው ፊቷና ገመዱን የጨበጡት ሁለት እጆቿ ብቻ ነበሩ። ቅጠሉ በየእርምጃዋ መሬቱን ይጠርጋል። “እኅቴ፣ ትንሽ አሳርፊው” አላት መምህሩ ወዳጄ። “ወንድሜ፣ ካወረድኩት ማን መልሶ ያሸክመኛል?” አለችው። “እኛ አለን እኮ!” አለ። አወረድንላት። ገመዱ ያለፈበት የትከሻዋ ቆዳ ጠቁሮና ጠንክሮ፣ መሐሉ ላይ እንደ ቦይ ጎድጉዷል። ውኃ ጠጣች፣ ቆሎ ዘገነች፣ ስንት ልጆች እንዳሏት ነገረችን። መልሰን ስናሸክማት ሦስታችንም ያዝነው፤ ሦስታችንም አቃሰትን። እሷ አንድ ጊዜ ተንገዳግዳ ቀጥ አለችና መርቃን ወረደች።

ወዳጄ ለረጅም ሰዓት አልተናገረም። ምክንያቱን የምናውቀው እኛ ነን። እናቱ ከዚሁ ተራራ ቅጠል እየተሸከሙ ሸጠው ነው ያስተማሩት። የሠፈሩ እንጀራ የሚጋገረው በዚያ ቅጠል ነበር። ልጅ ሳለን ከትምህርት ቤት ስንመለስ እናቱን ዳገቱ ሥር ጠብቆ ሸክሙን እስከ ቤት ይቀበላቸው ነበር፤ እኛም ደብተሩን እንይዝለት ነበር። ዛሬ ለእኛ የመዝናኛ መንገድ የሆነው ለሳቸው የእንጀራ መንገድ ነበር። እሱ ይህን አንድም ቀን ሳይረሳ ነው ከእኛ ጋር የሚወጣው፤ ሸክም ተሸክማ ያገኛትን ሴት ሁሉ ቆሞ ሰላም ሳይል አያልፍም። የድሮ ባልንጀራ ይህንን ይሰጣል። እሱ ባይኖር ተራራውን አየር ለመቀበል ብቻ እወጣው ነበር።

አራተኛችን ግን አሁን አይወጣም። ጉልበቱ እምቢ ካለው ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። በመኪና እናውጣህ ብንለው “ዳገቱን ካልወጣሁት ምኑን ደረስኩ?” ብሎ እምቢ አለ። ስለዚህ ጫፉ ላይ፣ እሱ ይቀመጥበት ከነበረው ጠፍጣፋ ድንጋይ አጠገብ ስንደርስ እንደውልለታለን። ድንጋዩ ላይ ማንም አይቀመጥበትም፤ ተነጋግረን አይደለም፣ እንዲሁ ሆኖ ቀረ።

“ዛሬ ምን ይታያል?” ይላል ስልኩን እንዳነሳ። እንነግረዋለን። ጭጋጉ ከታች ተኝቷል፣ ፎቆቹ ከላዩ ብቅ ብቅ ብለዋል፣ ደቡቡ ጥርት ብሏል። “ዝቋላስ?” ይላል። ቀኑ ጥሩ ከሆነ ዝቋላ በሩቁ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ባለፈው ቅዳሜ ግን ደመና ስለነበር አልታየንም አልነው።

“ከድንጋዩ ትንሽ ወደ ግራ ውጡ” አለ። “ከሁለቱ ዛፎች መሐል እዩ።”

ወጣን። ዛፎቹ ሦስት ሆነዋል፤ አንዱ እሱ ከቀረ በኋላ ያደገ ነው። በመሐላቸው አየን፤ የዝቋላ ተራራ ጫፍ ከደመናው በላይ ጥቂት ይታያል። “አለ!” አልነው ሦስታችንም በአንድ ድምፅ። ዝም አለ። ቀጥሎ “ስልኩን ወደ ዛፉ አዙሩልኝ፣ ነፋሱን ልስማው” አለ። መምህሩ ወዳጄ ስልኩን ከፍ አድርጎ ያዘለት፤ እኛም ድምፃችንን አጥፍተን ቆምን።