ባለ መክሊቱና ምክንያቱ

ንግድ በቀዘቀዘ ጊዜ በገበያው ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው ጥያቄ «መንግሥት ምን እያደረገ ነው?» የሚል ነው። ዕቃ ቢወደድ፣ የውጭ ምንዛሪ ቢጠፋ፣ ደንበኛ ቢሸሽ፣ ጥፋቱም መድኃኒቱም ከአንድ መሥሪያ ቤት ደጅ ይፈለጋል። ጥያቄው ያለ አግባብ ነው ሊባል አይቻልም። ነገር ግን ሁለተኛው ጥያቄ፣ ይኸውም «ነጋዴው ራሱስ ምን አድርጓል?» የሚለው፣ ሳይነሣ መቅረቱ የሚያሳስብ ነው።

ይህ ጉዳይ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ጠንክሯል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ለአገር ውስጥ ነጋዴዎች ተከልሎ የኖረውን የገቢና የወጪ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ አገር ባለ ሀብቶች በመመሪያ ከፈተ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በባንክ ከ58 ብር በታች ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላርም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ታግደው የነበሩት 38 ዐይነት ዕቃዎችም እንደ ገና ተፈቀዱ።

እንግዲህ ለብዙ ዘመን በነጋዴው ዙሪያ ቆሞ የነበረው አጥር ተነሥቷል ማለት ነው። አጥሩ አንዳንዱን ጎድቶታል፤ አንዳንዱንም ጠቅሞታል። የጎዳው ሰው ደስ ቢለው፣ የጠቀመው ሰው ቢደነግጥ አያስደንቅም። የሚያሳዝነው ግን የደነገጠው ሁሉ መዝገቡን ገልጦ ዋጋውንና ወጪውን እንደ መመርመር፣ አጥሩ ይመለስልኝ እያለ ደጅ መጥናቱ ነው።

የክርስትና ትምህርት መንግሥትን አያቃልልም። ክርስቲያን ግብሩን በታማኝነት እንዲከፍል፣ ሹሙንም እንዲያከብር ታዟል። ግብር የሚከፍል ሰው ደግሞ የሚጠብቀው ነገር አለው። ያልተበላሸ መንገድ፣ ዕቃን ከጅቡቲ ወደብ ያለ መጉላላት የሚያደርስ መጓጓዣ፣ ዋጋው የማይዋዥቅ ገንዘብ፣ በአንዱ ላይ ከብዶ በሌላው ላይ የማይቀልል ግብር፣ ውል ያፈረሰውን ሰው ቶሎ የሚዳኝ ፍርድ ቤት፤ እነዚህን ማንም ነጋዴ በራሱ ጉልበት ሊያቆማቸው አይችልም። ከ1939 ዓ.ም. ጀምሮ የኖረው የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤት ይህን የመሰለውን ጥያቄ በግልጥ ማቅረቡ የተገባ ነው፤ ዝም ቢል ግን ያስወቅሰዋል።

ታዲያ ድንበሩ የት ላይ ነው? ለዚህ የቅዱስ ጳውሎስ ኑሮ መልካም ምሳሌ ይሆናል። ሐዋርያው በቆሮንቶስ ሳለ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋራ ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሥራ ይተዳደር ነበር። በቂሣርያ በሐሰት በተከሰሰ ጊዜ ግን በሮማዊነት መብቱ ወደ ቄሣር ይግባኝ አለ። ለፍርድ መንግሥትን ጠየቀ፤ ለእንጀራው መርፌውን አነሣ። ነጋዴም እንዲሁ ፍትሕን ከመንግሥት ይጠይቅ፤ ትርፍን ግን ከሥራው ይጠብቅ።

ይህ ድንበር ሲፈርስ የሚከፈለውን ዋጋ የኦሪት ዘፍጥረት ታሪክ ያስረዳል። ዮሴፍ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምርቱ አምስተኛውን እጅ በጎተራ አከማችቶ በረኃቡ ዘመን ሕዝቡን አዳነ። ይህም አስተዋይ አስተዳደር ምን ሊያደርግ እንደሚችል ያሳያል። ይሁን እንጂ ግብፃውያኑ እህሉን ለማግኘት በመጀመሪያ ገንዘባቸውን፣ ቀጥሎ ከብታቸውን፣ በመጨረሻም መሬታቸውንና ራሳቸውን ለፈርዖን ሰጡ። ነፍሳቸው ተረፈች፤ የራሳቸው ጌታ መሆናቸው ግን በዚያው ቀረ።

የኢትዮጵያ ነጋዴ ይህን ነገር ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከኑሮውም ያውቀዋል። በ1967 ዓ.ም. ባንኮችና የመድን ድርጅቶች፣ 72 የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶች፣ በሐምሌ ወርም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆኑ። ከዚያ ወዲያ መንግሥት ራሱ አስመጪ፣ ላኪና አከፋፋይ ሆነ፤ ሕዝቡም ስኳርና ሳሙና ለማግኘት በቀበሌ ሱቅ ደጅ ተሰለፈ። በዚያ ሁሉ ዘመን ዕቁብና ዕድር አልፈረሱም። ያቆማቸው የመንግሥት ድጎማ አልነበረም፤ ዕጣ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላም እስከ መጨረሻው ዙር መክፈሉን አለማቋረጡ ነው። ኋላም የግል ባንክ በሕግ ሲፈቀድ፣ በ1987 ዓ.ም. አዋሽ ባንክን ያቋቋሙት 486 ባለ አክሲዮኖች ነበሩ፤ የተከፈለውም ካፒታል 24.2 ሚሊዮን ብር ነበረ። መንግሥት በሩን ከፈተ፤ ገንዘባቸውን ይዘው የገቡት ግን ሰዎቹ ናቸው።

በወንጌል ከተነገሩት ምሳሌዎች ሁሉ ለነጋዴ የሚቀርበው የመክሊቱ ምሳሌ ነው። አምስትና ሁለት መክሊት የተቀበሉት ነግደው እጥፍ አተረፉ፤ አንድ የተቀበለው ግን መሬት ቈፍሮ ቀበረው። ይህን ምሳሌ የሚሰማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የአገልጋዩን ስንፍና ያስታውሳል፤ ያቀረበውን ምክንያት ግን አያስተውልም። ሰውየው ጥፋቱን ያሳበበው በጌታው ጨካኝነት ነበረ። ጌታውም ስለ ጠባዩ አልተከራከረም፤ ይህን ካወቀ ገንዘቡን ቢያንስ ለለዋጮች ሰጥቶ ከነወለዱ ሊያስረክብ ይገባው እንደ ነበረ ነገረው እንጂ። ስለዚህ የገዢው ጥብቅነት እውነት ሆኖ ቢገኝ እንኳ የባለ መክሊቱን ዕዳ አይሰርዘውም። መመሪያው ከባድ ነው፣ ሹሙ አያዳምጥም፣ ግብሩ ይበዛል የሚል ነጋዴ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በእጁ ስላለው መክሊት የሚጠየቀው እርሱ ራሱ ነው።

በእጁ ያለውም ጥቂት አይደለም። በ2000 ዓ.ም. ጃፓን ከኢትዮጵያ በተላከ ቡና ላይ ከተፈቀደው መጠን በላይ የፀረ ተባይ መድኃኒት ቅሪት በማግኘቷ ቁጥጥሯን አጠበቀች፤ ወደዚያ የሚላከውም ቡና ክፉኛ ቀነሰ። ጥርጣሬው ያረፈው ቡናው በተጫነበት ጆንያ ላይ ነበር። ንጹሕ ጆንያ መርጦ ለመግዛት ማንም ላኪ አዋጅ አያስፈልገውም። የአንድ ጆንያ ነገር ግን የአገርን ስም አጎደፈ፤ ከጥፋቱ የሌለበትም ላኪ ዕዳውን ዐብሮ ከፈለ።

የአስመጪውና የባለ ሱቁም ነገር እንዲሁ ነው። የዕቃውን ዋጋ በደረሰኝ ላይ አሳንሶ ቀረጥ የሚያስቀር አስመጪ መንገዱ ተበላሸ ብሎ መንግሥትን ለመውቀስ አፉ እንዴት ይደፍራል? በርበሬውን ከሸክላ ዱቄት የሚደባልቅ፣ ሚዛኑን ተቆጣጣሪ በመጣ ቀን ብቻ የሚያስተካክል ባለ ሱቅስ ደንበኛው ጥሎት ወደ ሌላ ቢሄድ በማን ይፈርዳል? ለመንግሥት ተቆጣጣሪ ብቻ የሚታመን ሰው ተቆጣጣሪው በሌለበት ሰዓት ሁሉ ያልታመነ ነው። ክርስቲያን ነጋዴ ግን ሚዛኑን የሚያይ ዐይን ከሱቁ እንደማይለይ ያውቃል።

አንዳንድ ሰው ይህ ምክር ለትልቁ ነጋዴ እንጂ ለትንሹ አይሆንም ሊል ይችላል። በአንዲት ክፍል ሱቅ የሚነግድ ሰው ከባሕር ማዶ ከሚመጣ ትልቅ ኩባንያ ጋራ ብቻውን ሊወዳደር እንደማይችል እውነት ነው። ነገር ግን ራስን መቻል ብቻን መቆም ማለት አይደለም። በዕድር ድንኳን ዐብሮ የሚተክል፣ በዕቁብ ገንዘቡን ለጎረቤቱ የሚያምን ሕዝብ ዕቃን በኅብረት ለማስመጣት፣ መጋዘንን በጋራ ለመከራየት፣ በአክሲዮን ለመደራጀት ልማዱ አለው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ ነው። ደግሞም ኀላፊነቱ ከትርፍ በላይ ነው፤ የታመመውን ሠራተኛውንና አባትዋ የሞተባትን የጎረቤቱን ልጅ «መንግሥት ይርዳቸው» ብሎ የሚያልፍ ነጋዴ ግብሩን በሙሉ ቢከፍል እንኳ የባልንጀራውን ፍቅር ገና አልከፈለም።

ስለዚህ አቤቱታ አይቅረብ አይባልም፤ ይቅረብ። ከመቅረቡ በፊት ግን ጻፊው የራሱን መዝገብ ይግለጥ፤ ውሉን ጠብቆ እንደ ሆነ፣ ሚዛኑ እውነተኛ እንደ ሆነ፣ ቀረጡን ሳይሸሽግ ከፍሎ እንደ ሆነ ይመርምር። እንዲህ ያደረገ ነጋዴ በሹም ፊት ሲቆም ቃሉ ይከብዳል፤ ቢከለከል እንኳ ባዶ እጁን አይመለስም፤ ሥራው ይጠብቀዋልና። የመጨረሻው ሒሳብ በሚጠየቅበትም ቀን ለእያንዳንዱ የሚመሰክርለት የገዛ መዝገቡ ነው እንጂ የመንግሥት ድክመት አይደለም።