ማርሚታ ቀይረን ሞተሩን ለምን እናስፈታለን?

ለሠፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

እንደሚታወቀው ሞተር ሳይክል በአካባቢያችን የቅንጦት ዕቃ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቋሪት፣ ከቡሬ ወደ ሽንዲ፣ ከዚያም አልፎ መኪና በማይገባበት የገጠር መንገድ የሚመላለሰው የልማት ጣቢያ ሠራተኛም ሆነ የበርበሬ ነጋዴ ሥራው የተንጠለጠለው በሞተሩ ላይ ነው። ምጥ የያዛትን እናት እስከ መኪና መንገድ የሚያደርሳትም አንዳንዴ ይኸው ሞተር ነው። ስለዚህ ማርሚታ የባለ ሞተሩ ብቻ ጉዳይ ነው ብለን አናልፈውም።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን የአንድ ጎረቤታችን ነገር ነው። ዝገት የበላውን ማርሚታ በአዲስ አስቀየረ። በማግስቱ ቁልቁለት ላይ ጋዝ ሲለቅ ሞተሩ ጧ! ጧ! ይል ጀመር፤ ጉልበቱም ቀነሰ። ወደ ጋራዥ ወሰደው። «ካርቡሬተሩ ነው» ተባለና ተፈቶ ታጠበ፤ አልዳነም። «እንግዲያው ቫልቩ ነው» ተባለና ቴስታታው ወረደ፤ አሁንም አልዳነም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰውየው በእግሩ ሲሄድ ከረመ። በመጨረሻ ሌላ ሰው ጎንበስ ብሎ ቢያይ፣ ማርሚታው ከቴስታታው ጋር በሚገናኝበት ዙሪያ ጥቁር ጥላሸት ተለጥፏል። ለካስ አሮጌዋ ጓርኒሲዮን ናት ተመልሳ የገባችው! በጥቂት ብር የምትገዛ ቀለበት ናት እኮ። ጎረቤታችን ለፍታታው የከፈለው ግን ከማርሚታው ዋጋ በልጧል።

የእኛ አስተያየት እንግዲህ ይህ ነው፦ ትናንት ደኅና የነበረ ሞተር ማርሚታ ተቀይሮለት ዛሬ ካመመው፣ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ትናንት የተነካው ቦታ ነው። ያ ሳይታይ ካርቡሬተርም ቴስታታም መፈታት የለበትም። ይህን የምንለው መካኒኮቻችንን ለመውቀስ አይደለም። «ቶሎ በል፣ ገበያ ሊያመልጠኝ ነው» እያልን የምናጣድፋቸው እኛው ነን።

ጓርኒሲዮን ሲጠብቅ ተጨፍልቆ ቦታውን እንዲይዝ ተደርጎ የተሠራ ነው። አንዴ ከተጨፈለቀ ሁለተኛ በደንብ አይገጥምም። በተከፈተው ቀዳዳ ጭሱ ይወጣል፤ ጋዝ ሲለቀቅ ደግሞ የውጭ አየር ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ከአየሩ ጋር ሲገናኝ ማርሚታው ውስጥ ይፈነዳል። ያ ጧ ጧ የሚለው ድምፅ ይኸው ነው። አንዳንዴም አሮጌው ቀለበት ከቴስታታው ጉድጓድ ሳይወጣ አዲሱ በላዩ ይደረባል። ይህም ያው ነው።

አጣባበቁም ሥርዓት አለው። ሁሉም ቡሎንና ዳዶ በመጀመሪያ ላላ ብሎ ይገባል፤ ቀጥሎ የቴስታታው በኩል በየተራ፣ ጥቂት ጥቂት እየተባለ ይጠብቃል፤ የኋላው መያዣ መጨረሻ ነው። የኋላው አስቀድሞ ከተቆለፈ ቱቦው ተወጥሮ ይቀርና በኮረኮንች መንገድ ወይ ይሰነጠቃል ወይ ቡሎኑን ቴስታታው ውስጥ ይሰብረዋል። የተሰበረ ቡሎን ከቴስታታ ማውጣት ምን ያህል አበሳ እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ሞተሩ አንድ ቀን ሠርቶ ከበረደ በኋላ እንደገና ማጥበቅ ደግሞ ግዴታ ነው።

መፈተሹ ቀላል ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አስነሥቶ፣ የማርሚታውን ጫፍ በታጠፈ እርጥብ ጨርቅ ለጥቂት ሰከንድ መያዝ ነው። የሚያፈስ ካለ መገናኛው ላይ ፉጨት ይሰማል። ታዲያ ይህ ደጅ ይሁን። ሌሊት ሞተሩን ከቤት የምናሳድር ብዙዎች ስለሆንን፣ በር ዘግቶ ሞተር ማስነሣት ሽታ የሌለው መርዝ ቤት ውስጥ መሙላት መሆኑን ሳንጠቅስ ማለፍ አልፈለግንም።

ሌላም መታየት ያለበት አለ። ሲገጠም የካንዴላው ገመድ ተነቅሎ፣ የቤንዚኑ ጎማ ተጣጥፎ፣ ሽቦ ከጋለው ቱቦ ጋር ተነካክቶ ሊሆን ይችላል። በቱቦው ላይ ሽቦ ያለው መቆጣጠሪያ በተገጠመላቸው አዳዲስ ሞተሮች እሱ ወደ ቦታው መመለሱ ይታይ። አዲስ ማርሚታ መጀመሪያ ቀን ጥቂት ቢጨስ የተቀባው ዘይት እየተቃጠለ ነውና አያስደነግጥም፤ ጠዋት ጠዋት ውኃ ቢያንጠባጥብም እንዲሁ። (ከእኛው አንዱ፣ አቧራ እንዳይገባ ብሎ ራሱ የወተፈውን ጨርቅ ረስቶ፣ ሞተሩ አልነሣ ቢለው ካንዴላ ገዝቶ መጥቷል። ስሙን አንጠራም።)

አሁን ወደሚያከራክረን ነገር እንምጣ። አንዳንድ ወጣቶቻችን የማርሚታውን ሆድ አስወጥተው «ጉልበት ጨመረ» ይላሉ። ጆሮ ነው እንጂ የሚታለለው፣ ሞተሩስ ምንም አልጨመረም። እንደ ቀድሞዎቹ ያማሃዎች ዘይት ከቤንዚን ጋር በሚያቃጥሉት ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ላይ እንዲያውም ጉልበት ይቀንሳል። የእነዚያ ማርሚታ ሆዱ የሰፋው ለጌጥ አይደለም፤ የጭሱን ግፊት መልሶ ልኮ ሊያመልጥ የነበረውን ቤንዚን ወደ ሲሊንደሩ እንዲመልስ ነው። በተራ ቱቦ ሲተካ ሞተሩ ዳገት ላይ ይለግማል።

በባለ አራት ምቱም ቢሆን ጭሱ ያለ ልክ ሲቀለው አየር ይበዛል፣ ቤንዚን ያንሳል፣ ሞተሩ ይግላል። እዚህ ፍኖተ ሰላም 1,900 ሜትር ገደማ፣ ቡሬም ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ስስ በመሆኑ ጉድለቱ ላይታወቅ ይችላል። ጉዱ የሚወጣው ከቡሬ በነቀምት መንገድ ወደ ዐባይ ሸለቆ ሲወረድ ነው። አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ሰውና ጆንያ ጭኖ ሲመለስ ዳገቱ ላይ ፒስቶን ይነክሳል። ካንዴላውን ነቅሎ ማየት በቂ ነው፦ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው፤ ከነጣ ቤንዚን አንሶታል፤ ከጠቆረ በዝቶበታል። እንዲህ ሲሆን ነው ካርቡሬተር የሚነካው፤ ያውም ፍሳሽ አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ።

ስለ ጩኸቱ ብዙ አንልም። አራስ የተኛችበት፣ በሽተኛ ያለበት፣ ልጆች ለፈተና የሚያጠኑበት ሠፈር ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅንም ከብክለት ይቆጥረዋል። ከአዋጁ በፊት ግን ጉርብትና አለ ጎበዝ! ሌሊት በ6 ሰዓት ሠፈሩን ቀስቅሶ የሚገባ ልጅ ጠዋት «እንደምን አደራችሁ» ሲለን ምን ብለን እንመልስ?

የሙቀት መከላከያውን ቆርቆሮ «ያስጠላል» ብሎ አለመመለስም ሌላው ጥፋት ነው። ከኋላ የሚቀመጡት እናቶችና ሕፃናት ባታቸውን የሚቃጠሉት በእሱ ምክንያት ነው። በአጨዳ ወቅት ደግሞ ደረቅ ገለባ የጋለ ማርሚታ ከነካ እሳት ይነሣል።

ስለዚህ ማርሚታ የሚሸጡ የሠፈራችን ነጋዴዎች ጓርኒሲዮኑን አብረው እንዲሸጡ፣ የሚገጥሙትም አሮጌውን ቀለበት ለባለቤቱ በእጁ እንዲያስረክቡ እንጠይቃለን። የተለየ ሐሳብ ያለው መካኒክም ሆነ ባለ ሞተር ጽፎ ያምጣልን፤ በዚሁ ሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን።