ተራራው ሳይናድ ካርታው ይድረስ

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ናዳ የቀበራቸውን ለማውጣት ሕዝቡ ሲረባረብ ሁለተኛ ናዳ መጣበት። ከ200 በላይ ወገኖቻችን አለቁ። በነሐሴ ደግሞ በሰሜን ጎንደር ዞን ጠለምት ወረዳ መሬት ተንሸራቶ ሰው ሞተ፤ ከ2 ሺህ በላይ ነዋሪዎችም ቀያቸውን ጥለው ወጡ። አደጋው በየክረምቱ ይመላለሳል፤ እኛ ግን ዛሬም የምንደርሰው ከቀብር በኋላ ነው።

አደጋው የሚመላለሰው በመሬቱ ተፈጥሮም ምክንያት ነው፤ ለምሳሌ የሰሜን ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ናቸው። ጠንካራው ባዛልት ከላላ የእሳተ ገሞራ አመድና ከሸክላማ አፈር ጋር ተደራርቧል። ዝናቡ በስንጥቁ ሰርጎ ሸክላው ላይ ሲጠራቀም ከላይ ያለው ይንሸራተታል። እንዲህ ያለው ቁልቁለት ደግሞ አንድ ጊዜ ከተናደ ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳው ከሰማይ ይታያል።

ኒውራል ኔትወርክ የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ባለሙያ በሳተላይት ምስል ላይ የናዳ ጠባሳዎችን እየከበበ ያስተምረዋል፤ ሥርዓቱ ከዚያ በኋላ ሰው ወራት የሚፈጅበትን ሰፊ አገር በአጭር ጊዜ ይፈትሻል። ሴንቲኔል 2 የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት በ10 ሜትር ጥራት የሚያነሳው ምስል በነፃ ይገኛል። የክረምቱ ደመና ሲጋርደው ሴንቲኔል 1 በራዳር አሳልፎ ያያል። የፀጥታ ችግር ባለሙያ እንዳይደርስበት ያደረገው ወረዳም ቢሆን ከምስሉ አያመልጥም።

ሆኖም ማሽኑ የሚያውቀው የተማረውን ብቻ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ናዳን ከሳተላይት ምስል ለመለየት በተካሄደ ዓለም አቀፍ ውድድር የማስተማሪያው ምስል የመጣው ከጃፓን፣ ከሕንድ፣ ከኔፓልና ከታይዋን ነበር። በዚያ ብቻ የሠለጠነ ሥርዓት የደባርቅን አዲስ የታረሰ ማሳ ወይም የሊማሊሞን የመንገድ ቆረጣ ናዳ ብሎ ሊቆጥር፣ እውነተኛውን ናዳ ደግሞ ሊያልፈው ይችላል። ከማሳው ራስ ላይ የተከፈተች ቀጭን ስንጥቅ ወይም ድንገት የደፈረሰ ምንጭ በ10 ሜትር ምስል አይታይም፤ ገበሬው ግን ያየዋል።

ስለዚህ አቋማችን ግልጽ ነው፤ ቴክኖሎጂው ይግባ፣ ግን በራሳችን መሬት ይማር። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን ሳተላይት አምጥቃለች፤ ተቋማቱም አሉ። የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት የደጋውን የናዳ መዝገብ ያደራጅ። የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ምስሉን፣ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት ሥርዓቱን ያቅርቡ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማሽኑ ያመለከተውን ቁልቁለት ሁሉ ከገበሬው ጋር በእግር እየሄደ ያረጋግጥ። ውጤቱም ክረምት ሳይገባ በየቀበሌው በአማርኛ ይለጠፍ።

የመጨረሻው ኃላፊነት የመንግሥት ነው። ብዙ ገበሬ አደጋውን እያወቀ ከቁልቁለቱ ሥር የሚኖረው መሄጃ ስለሌለው ነው። አደገኛ ተብሎ በካርታ ለተመለከተ መንደር ተለዋጭ መሬትና የሰፈራ በጀት አብሮ ካልተያዘ፣ ማስጠንቀቂያው ሞትን አስቀድሞ ከመናገር አያልፍም። ካርታውና በጀቱ አብረው ይጽደቁ።