ስለ ላማችን እንነጋገራለን፤ ስለ ልጃችን ግን ለምን እናፍራለን?



ዛሬ የማነሣው ነገር በአደባባይ የሚነሣ አይደለም። እኔም ብዕሬን ሦስት ጊዜ አንሥቼ ሦስት ጊዜ አስቀምጫለሁ። «የሃያ ዓመት ልጅ፣ ያውም ሴት፣ በአባቶቿ ፊት እንዲህ ያለ ነገር ትጽፋለች?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ነገር ግን ፊደል የተማርነው የማዳበሪያ ደረሰኝ ለማንበብ ብቻ አይደለም። በጓዳ ተደብቆ የሚጎዳንን ነገር ለይተን ለማወቅም ነው። ስለዚህ በግልጽ ልናገር። የምጽፈው ስለ ሴት ልጅ የወር አበባ ነው። አንዳንዱ አደፍ ይለዋል፤ አንዳንዱ ልማድ ይለዋል። ስሙ ብዙ ነው፤ አፉን ሞልቶ የሚናገረው ግን ጥቂት ነው።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ አንድ ነገር አለ። የሰው ስም አልጠራም፤ መንደርም አልጠቅስም። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ መካከል ከአንዱ ቀበሌ ነው ብላችሁ ያዙልኝ።

በማስተምርበት ጣቢያ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ነበረች። ቀን ከብት ትጠብቃለች፤ ማታ ከአባቷ ጋር መጥታ ትማራለች። አባትና ልጅ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሲያነቡ ማየት ደስ ይል ነበር። አባቷ ሲሳሳቱ ቀስ ብላ በጆሯቸው ትነግራቸዋለች። እሳቸውም «ይቺ ልጅ አስተማሪዬ ሆነች» እያሉ ይስቁ ነበር። አንድ ቀን ልጅቷ ቀረች። በማግሥቱም ቀረች። በሳምንቱ አባቷም ቀሩ።

ቤታቸው ሄድኩ። እናትየዋ መጀመሪያ «ታማለች» አሉኝ። ኋላ ወደ ጓዳ ጎትተው አስገቡኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እውነቱን ነገሩኝ። ልጅቷ ደም አይታ ኖሯል። አባቷ ይህን ሲሰሙ «ያልተዳረች ልጅ እንዴት ደም ታያለች? ማን ነካት?» ብለው በዱላ መቷት። ከዚያም ስም ሳይጠፋ ብለው ሽማግሌ ልኮ ለነበረ ሰው «እሺ» አሉ። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ።

እንዲህ ነው ነገሩ። ልጅቷ ያጠፋችው አንዳች ነገር የለም። አደገች፤ በቃ። አካሏ በጊዜው የሚሠራውን ሠራ። እኛ ግን ባለማወቃችን ፈረድንባት።

ይህ ደግሞ የእኚህ አባት ስሕተት ብቻ አይደለም። የወር አበባ ወንድ ከነካት በኋላ የሚመጣ ነው የሚል እምነት በአገራችን በብዙ ቦታ አለ። ከየት መጣ ብዬ አሰብኩ። እንደሚመስለኝ ከልጅነት ጋብቻ ነው። ቀድሞ ሴት ልጅ በስምንት፣ በዘጠኝ፣ በአሥር ዓመቷ ትዳር ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያውን ደም የምታየው በባሏ ቤት ሆና ነው። ሰውም ባልየው ያመጣው መሰለው። ዶሮ ከጮኸ በኋላ ይነጋል፤ የነጋው ግን ዶሮው ስለ ጮኸ አይደለም። በልጅነቷ ገዳም የገባችና ወንድ የማታውቅ መነኩሲትም የወር አበባ ታያለች። ይህን አስቡት።

ታዲያ የወር አበባ ምንድነው?

ከአንጎል ሥር አንዲት ትንሽ እጢ አለች። በደም ውስጥ መልእክት ትልካለች። ይህ መልእክት ሆርሞን ይባላል። ሆርሞን ማለት በደም የሚጓዝ መልእክተኛ ነው በሉት። መልእክቱ ከማህፀን ግራና ቀኝ ወዳሉት የእንቁላል ማደሪያዎች ይደርሳል። እነሱም በተራቸው ሁለት ዋና ዋና ሆርሞኖችን ያመነጫሉ፤ ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን ይባላሉ። ኤስትሮጅን የማህፀንን ውስጠኛ ግድግዳ ያወፍራል። ገበሬ ዘር ሳይዘራ ማሳውን ደጋግሞ አርሶ እንደሚያለሰልስ ማለት ነው። ከዚያ አንዲት እንቁላል ትወጣለች። ፕሮጄስትሮን ደግሞ የተዘጋጀው ግድግዳ ጸንቶ እንዲቆይ ያደርጋል። ፅንስ ካልተፈጠረ ሁለቱም ሆርሞኖች ይቀንሳሉ። ያ የተዘጋጀው ግድግዳ ይፈርስና ከደም ጋር ይወጣል። የወር አበባ ይህ ነው። ቁስል አይደለም፤ በሽታ አይደለም፤ የኃጢአት ምልክትም አይደለም።

ብዙዎቹ ልጃገረዶች ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራቸዋል። በአዋቂ ሴት ከአንዱ መጀመሪያ እስከ ሌላው መጀመሪያ ከ21 እስከ 35 ቀን ይሆናል። በጀማሪዎች ላይ ግን ሁለት ሦስት ዓመት ሊዘበራረቅ ይችላል። ደሙ ከ2 እስከ 7 ቀን ይቆያል። በአንድ ወር የሚፈሰው ሁሉ ቢጠራቀም ብዙ ጊዜ ከአንድ የቡና ሲኒ አይበልጥም። ለዚህች አንድ ሲኒ ነው እንግዲህ ይህን ያህል የምንሸማቀቀው።

አባቶቼ፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ላማችሁ ኮርማ ስትፈልግ ታውቃላችሁ። ካልያዘላት በሃያ አንድ ቀን ገደማ እንደምትመለስ ቆጥራችሁ ትጠብቃላችሁ። ይህንንም ከጎረቤት ጋር በመንገድ ላይ ትነጋገራላችሁ፤ ማንም አያፍርም። የላምና የሴት ነገር አንድ ነው ማለቴ አይደለም። የላሟን ቀን የቆጠረ አባት ልጁ ምን እንደደረሰባት አለማወቁ ግን ያሳዝነኛል።

«ደም ካየች ደርሳለች» የሚለው ነገርም ስሕተት ነው። የወር አበባ የዕድገት መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። የዳሌዋ አጥንት ገና አልሰፋም። ወይፈን ቀንድ ስላወጣ ብቻ ቀንበር አንጭንበትም፤ አጥንቱ እስኪጠና እንጠብቃለን። በልጅነቷ ያረገዘች ሴት ምጥ ሲጸናባት ፊስቱላ የሚባል ጉዳት ሊደርስባት ይችላል። ሽንቷን መቆጣጠር ያቅታታል። ከአውስትራሊያ የመጡት ሐኪሞች ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ የፊስቱላ ሆስፒታል ያቋቋሙት ይህን አይተው ነው። በክልላችንም ባሕር ዳር ላይ እ.ኤ.አ. በ2005 የፊስቱላ ማዕከል ተከፍቷል። ሕጉም ግልጽ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻ አይፈቅድም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ይቀጣል።

አሁን ደግሞ ስለ ዝምታው ጉዳት ልናገር። እኔ ራሴ ደም ያየሁ ቀን የምሞት መስሎኝ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። የእናቴን አሮጌ ነጠላ ቀድጄ ተጠቀምኩ። ትምህርት ቤት ቀሚሴን ያዩ ወንዶች ልጆች ሳቁብኝ፤ አራት ቀን ቀረሁ። የቀረሁበት የሒሳብ ትምህርት ዛሬም ይቸግረኛል። ወር በመጣ ቁጥር የምትቀር ልጅ በዓመት ስንት ቀን እንደምትቀር እናንተው አስሉት።

ሌላው ጉዳት ጨርቁ ነው። ሴቶች ጨርቁን ሰው እንዳያየው በጨለማ ያጥባሉ፤ ከአልጋ ሥር ይደብቃሉ። በጉና ግርጌ በሐምሌ ጉም እንኳን የተደበቀ ጨርቅ የተሰጣ ልብስም አይደርቅ። እርጥብ ጨርቅ መልሶ መጠቀም ያሳክካል፤ ሰውነትን ያቆስላል። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ለስላሳና ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አጣጥፋችሁ ተጠቀሙ። በአራት ወይም በስድስት ሰዓት ቀይሩት። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁት፤ ሙቅ ውሃ ደሙን ያደርቀዋል። ከዚያ በሳሙና እጠቡት። ፀሐይ ላይ አስጡት። ፀሐይ ከሌለ ምድጃ አጠገብ በደንብ ይድረቅ። መታጠብም አይከለከልም፤ ገላን በውሃ መታጠብ ደሙን አያባብስም።

ከከተማ የሚገዛውን ሞዴስ መግዛት ለሁሉም አይቻልም። እየታጠበ የሚለበስም አለ። ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ በአዲግራት ያደጉ፣ በአሜሪካ የተማሩ ኢትዮጵያዊት ናቸው። ወደ አገራቸው ተመልሰው እየታጠበ የሚያገለግል ሞዴስ የሚሠራ ፋብሪካ በመቀሌ አቋቋሙ። በየትምህርት ቤቱም ስለ ወር አበባ በግልጽ አስተማሩ። ሲኤንኤን የተባለው የዜና ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2019 የዓመቱ ጀግና ብሎ ሸለማቸው። እኛ የምናፍርበትን ነገር ዓለም አክብሮ ሸለመበት ማለት ነው። ግንቦት 20 ቀንም ብዙዎቻችን በሌላ ነገር የምናውቃት ዕለት ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ግን በዓለም የወር አበባ ንጽሕና ቀን ሆና ትከበራለች።

እናቶቼ ደግሞ የምትጠይቁኝ ነገር አለ። «የሦስት ወር መርፌ ከተወጋሁ ወዲህ ደሜ ቀረ፤ ሆዴ ውስጥ ተጠራቅሞ ይሆን?» ትላላችሁ። አይጠራቀምም። የመርፌው ሆርሞን የማህፀን ግድግዳ እንዳይወፍር ያደርጋል። ያልተዘጋጀ ነገር አይፈርስም፤ ስለዚህ ደም አይኖርም። መርፌው ሲቆም ይመለሳል፤ ወራት ግን ሊወስድ ይችላል። መርፌ ሳትወጉ ከቀረ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ እርግዝና፣ ጡት ማጥባት፣ ረኃብ፣ ከባድ ድካምና ጭንቀት። በቆላው በስማዳና በታች ጋይንት ዝናብ በቀረበት ዓመት የከሳች ሴት ደሟ ቢቀር አይድነቃት፤ ግን ትመርመር።

የሆድ ቁርጠት ሲኖር በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ከእምብርት በታች ማድረግ ይረዳል። ጎመንና ምስር ማዘውተር ደም ይተካል፤ ከምግቡ ጋር ወዲያው ቡናና ሻይ አለመጠጣት ይሻላል። ነገር ግን ከ7 ቀን በላይ ከፈሰሰ፣ ጨርቁን በየሰዓቱ ካረጠበ፣ ሕመሙ ከሥራ ካስቀረ፣ ልጅቷ 15 ዓመት አልፏት ካልመጣ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ያረጠች ሴት እንደገና ደም ካየች፣ ወይም ከባሏ ጋር ከተኛች በኋላ ከደማች ቀን አትቁጠር። የማህፀን በር ካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላል። ለዚህ ካንሰር መከላከያ ክትባት ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች መሰጠት ተጀምሯል፤ ልጆቻችሁን አትከልክሉ።

ቤተ ክርስቲያን ስለ መግባት ያለው ሥርዓት የካህናት ጉዳይ ነው፤ እኔ አልገባበትም። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሴቶች በዚያ ሰሞን ከደጅ ቆመው ሲያስቀድሱ ሁሉም ያያል፤ ሁሉም ያውቃል። ታዲያ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ለልጅቷ ብቻ መደበቅ ለምን ይጠቅማል?

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። አንደኛ፣ እናት ወይም አክስት ልጅቷ ዐሥር ዓመት ሲሞላት ደሙ ሳይመጣ አስቀድማ ትንገራት። ሁለተኛ፣ አባት ከነፋስ መውጫ፣ ከአርብ ገበያ፣ ከወገዳ ወይም ከመካነ ኢየሱስ ገበያ ሲመለስ ጨውና ጋዝ እንደሚገዛ ሁሉ ለልጁ ሳሙናና የጥጥ ጨርቅ ይግዛላት። ሦስተኛ፣ ወንዶች ልጆቻችን እንዳይስቁ እንምከራቸው፤ እኅት አላቸው። አራተኛ፣ ማኅበሩ በስብሰባው ነጥብ አድርጎ ይያዘው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠርቶ አንድ ቀን ለሴቶች፣ አንድ ቀን ለወንዶች ታስረዳ። ለትምህርት ቤቱ ምንጭ ስናጎለብት፣ መጸዳጃ ቤት ስንሠራ በሩ የሚዘጋና ውሃ ያለው ይሁን። ይህ ሁሉ ከጉልበታችን በላይ አይደለም።

በ1971 ዓ.ም. ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር «ሴት ፊደል ብትቆጥር ምን ይሠራላታል?» ያለ ሰው ነበር ይባላል። እናቶቻችን ግን ቆጠሩ። ፊደል ያሸነፈ ሕዝብ ይህን አፍረት ማሸነፍ አያቅተውም።

በመጨረሻ ለእኚያ አባት። አባቴ፣ ይህን ጋዜጣ ያገኙታል ብዬ አስባለሁ። ማንበብም ይችላሉ፤ አብረን ነው የተማርነው። ልጅዎን ማንም አልነካትም። ለአካለ መጠን አልደረሰችም፤ ማደግ ጀመረች እንጂ። ለጥር ገና ጊዜ አለ። ሽማግሌዎቹን «ልጄ ትማራለች» ብለው ይመልሷቸው። የሚያፍሩበት ነገር የለም። ማታ ማታ አብራችሁ የምትቀመጡበት አግዳሚ እንደ ነበረ ነው። ደብተሯም እኔ ዘንድ አለ፤ ግማሹ ገና አልተጻፈበትም።

ከዘማች ተማሪ