ስለ ጠመንጃና ስለ ወጣቱ

የወረኢሉ ስም በታሪክ ሲነሣ ከጠመንጃ ጋራ ይነሣል። በ1888 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የክተት ዐዋጅ ባስነገሩ ጊዜ፣ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ላይ ተሰብስቦ እንዲጠብቃቸው አዘዙ። ጦር ያለው ጦሩን፣ ውጅግራ ያለው ውጅግራውን ይዞ ከዚህ ደጋ ወደ ዐድዋ አለፈ። ያ ጠመንጃ በዐዋጅ የተጠራ ነበር፤ የሚተኮስበትም ጠላት የታወቀ ነበር።

ዛሬ ጠመንጃ የሚወጣው ዐዋጅ ጠብቆ አይደለም። በሠርግና በለቅሶ ይተኮሳል፤ በድንበር ጠብ፣ በመስኖ ውሃ ተራ፣ በጠላ ቤት ክርክር ይመዘዛል፤ በጨለማ መንገደኛ ያስቆማል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ግን ጢሙ ገና ያላቀመቀመ ልጅ እጅ መግባቱ ነው። የአባቱን ጠመንጃ ከምሰሶው ላይ አውርዶ የሚወጣው ልጅ የኛው ታናሽ ወንድም ነው፤ የሚገድለውም እንደዚሁ የኛው ታናሽ ወንድም ነው። ስለዚህ ነገሩ የፖሊስና የዳኛ ጉዳይ ብቻ ነው ብለን ልናልፈው አንችልም።

አገራችን ሕግ የላትም ለማለት አይቻልም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 1177ን አጽድቋል። ዐዋጁ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን፣ መሸጥንና ማዘዋወርን ይከለክላል፤ መሣሪያ መያዝ ልማድ በሆነባቸው አካባቢዎች ያለው ሕዝብም እንዲመዘገብና ፈቃድ እንዲያወጣ የሁለት ዓመት ጊዜ ሰጥቷል። ወጣት አጥፊን በሚመለከትም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ግልጽ ነው። ከ9 ዓመት በታች ያለ ሕፃን በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ለወጣት አጥፊዎች በተለየ እርምጃና ቅጣት ይታረማል። 15 ዓመት ያለፈውና 18 ያልሞላው ግን፣ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊያቀልለት ቢችልም፣ የሚዳኘው እንደ አዋቂ ነው። ተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። እንግዲህ የ16 ዓመት ልጅ በአንድ ጥይት የሌላውን ሕይወትና የራሱን ወጣትነት አብሮ ይቀብራል ማለት ነው።

ታዲያ ሕጉ ለምን አልያዘም? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው ምክንያቱን ከሥሩ መመርመር ይገባል።

አንደኛው ምክንያት ጊዜው ነው። ለምዝገባ የተሰጠው ሁለት ዓመት ሳያልቅ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ወረኢሉ፣ ወደ ጃማና ወደ አቀስታ ሲደርስ፣ የክልሉ መንግሥት ያለህን መሣሪያ ይዘህ ውጣ ብሎ ሕዝቡን ጠራ። ባላገሩ ትእዛዙን ሰምቶ ወጣ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የተነሣው ውጊያ ደግሞ መሣሪያውን ይበልጥ አበዛው። ትናንት በጠመንጃው የተመሰገነ ሰው፣ ዛሬ በዚያው ጠመንጃ ወንጀለኛ ነህ ቢባል ሕጉን ሕግ ብሎ ለመቀበል ይቸግረዋል። ልጁም ይህን ሁሉ በዓይኑ አይቷል፤ የተማረው ትምህርት ጠመንጃ ያለው ይከበራል የሚል ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ጠመንጃ ሀብት መሆኑ ነው። ገበሬው በሬውን ሸጦ የገዛውን በነጻ አስረክብ ቢሉት ጎተራ ሥር ይቀብረዋል። አውስትራሊያ በ1996 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ፖርት አርተር በተባለ ስፍራ 35 ሰዎች በአንድ ሰው ጥይት ከተገደሉባት በኋላ ጠንካራ ሕግ ስታወጣ፣ ለባለቤቶቹ ዋጋ እየከፈለች ከ600 ሺህ በላይ ጠመንጃ ሰብስባለች። እኛ የአውስትራሊያ ሀብት የለንም፤ ሆኖም ያለ ካሣ የሚሰበሰብ ጠመንጃ እንደማይወጣ ከዚህ መማር እንችላለን።

ሦስተኛው ምክንያት ፍርሃት ነው። ከጓደኞቻችን መካከል አንዳንዶቹ፣ ሕጉ ጭምቱን ገበሬ አራቁቶ ለሽፍታ አሳልፎ ይሰጠዋል ሲሉ ይከራከራሉ። ይህ ክርክር ቀላል አይደለም። ፖሊስ ለመድረስ የግማሽ ቀን መንገድ በሆነበት ቀበሌ፣ ከብቱን የሚጠብቅለት ሳይኖር መሣሪያህን አምጣ ማለት ፍርድ አይሆንም። ነገር ግን ይኸው ክርክር አባትየው ጠመንጃ ስለመያዙ ይናገር እንደሆነ እንጂ፣ ልጁ እንዲያነሣው የሚፈቅድ አንድም ቃል የለበትም። ከብት ጠባቂው መሣሪያ በሠርግ ቤት ሲተኮስ ማንን ይጠብቃል? በስካር ሲመዘዝስ?

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። እያንዳንዱ ጠመንጃ ስሙ የታወቀ ባለቤት ይኑረው፤ ባለቤቱም ልጅ ከማይደርስበት ቦታ ቆልፎ ያስቀምጥ፤ በቸልተኝነት ከልጅ እጅ ቢገባ እሱም ይጠየቅ። ምዝገባው ሰላም በሚገኝበት ቀበሌ ሁሉ እንደገና ይከፈት፤ የሚያስረክብ ካሣ ያግኝ፤ የሚመዘገብም በመመዝገቡ እንደማይታሰር አስቀድሞ ይነገረው። ሕጉም ለአንዱ ወገን ጠንካራ ለሌላው ልል አይሁን፤ ጠመንጃ የያዘ ባለሥልጣንም ሆነ ነጋዴ በአንድ ሚዛን ይመዘን።

ከሕጉ ጎን ወሎ የራሱ መድኃኒት አለው። ደም የተቃቡ ወገኖችን አቀራርበው፣ ካሣ አስከፍለው፣ አስምለው የሚያስታርቁት አበጋሮች፣ ከእስላሙም ከክርስቲያኑም ዘንድ ይከበራሉ። ፍርድ ቤት ገዳዩን ቢያስር የሟች ታናሽ ወንድም ቂሙን ይዞ ያድጋል፤ አበጋር ግን ያንን ልጅ ከነቂሙ አይተወውም። አበጋሮቹ ደም ሲያደርቁ የሁለቱንም ወገን ልጆች አስቀምጠው ቢያስምሉ፣ የሚቀጥለው ጥይት ከመተኮሱ በፊት ይቆማል ብለን እናምናለን።

መምህራኖቻችን የሕግ ትምህርት ያላችሁ እንደሆነ፣ ዐዋጁን በቀላል አማርኛ አሳጥራችሁ ለየቀበሌው እንድናደርስ እርዱን። እኛም ተማሪዎች ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ ከዚህ የሚቀል ሥራ አለን። ከጠመንጃ ጋራ ፎቶግራፍ ተነሥተን ለታናናሾቻችን አናሳይ። በሠርግ ሲተኮስ አብረን እልል አንበል፤ የወደቀችው እርሳስ የማንን ልጅ እንደምታገኝ ተኳሹም አያውቅም። አባቶቻችንንም በአክብሮት፣ አባባ፣ ይህ መሣሪያ ከልጁ ይራቅ እንበላቸው።

ከወረኢሉ በስተ ምዕራብ ያለችው ከተማ መካነ ሰላም ትባላለች፤ የሰላም ቦታ ማለት ነው። አባቶች ይህን ስም አውጥተው ትተውልናል። ልጆቿ በጥይት እየተገዳደሉ ስሙን ብቻ ይዛ እንዳትቀር መጠበቅ ግን የኛ የተማሪዎች ፈንታ ነው።