«ኪቦርድ የለም»

በሻኪሶም ሆነ በነጌሌ ቦረና የተማሪዎች የኪነት ዝግጅት በታሰበ ቁጥር «ኪቦርድ የለም» የሚለው አቤቱታ ይቀድማል። ከዚያም ዝግጅቱ ይሰረዛል፤ አለዚያም ልጆቹ በተቀዳ ሙዚቃ ላይ ከንፈራቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ይፈረድባቸዋል። ይህ የጆሮ ስንፍና ነው።

ከሻኪሶ ወደ ደቡብ፣ በቦረና ምድር፣ ከጥልቁ የቱላ ጉድጓድ ውኃ የሚያወጡ ሰዎች እርከን በእርከን ተደርድረው ባልዲ ሲቀባበሉ የክንዳቸውን ምት የሚያስተካክለው ዘፈናቸው ነው። ዶርዜዎችም ባለብዙ ድምፅ ዜማቸውን በጉሮሮ ብቻ ያዋሕዳሉ። የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ሲሰፍር ብዙ ተጨበጨበ፤ የሥርዓቱን ዝማሬ የሚያውቅ የተማሪ ቡድን ግን የት አለ?

ለቅንብር ዜማ ስምንት ተማሪዎች ይበቃሉ። አንዱ ያወጣል፣ የቀሩት ይቀበላሉ፣ ጭብጨባና የእግር ምት ይታከላል። አስቸጋሪው መሻገሪያው ነው። ያለ መሣሪያ የሚዘፍን ቡድን ድምፁ ሳይታወቀው ይወርዳልና፣ ከተቀባዮቹ አንዱ የመጨረሻውን ድምፅ ይዞ ሲቆይ አውጪው አዲሱን ዘፈን በዚያው ላይ ያነሣል። ለዚህም ሦስት ዘፈን ይበቃል፤ ሰባቱን በአሥር ደቂቃ የሚያጭቅ አዘጋጅ ሁሉንም ያበላሻል።

የጉጂ ዘፈን ከጉጂ አዛውንት አፍ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ ከነወጉ ይጠናል። ግጥሙን ወደ አማርኛ ገልብጦ በልብስ ማሽሞንሞን ዘረፋ ነው። ለሥርዓት የተለየውን ዜማ ለእንግዳ መቀበያ የሚያውል አዘጋጅስ፣ አዛውንቱ ከአዳራሹ ፊተኛ ወንበር ተቀምጠው ቢያዩት ምን ይመልስላቸዋል?