ግንበኛ የሌለው ግንብ

«ይኼን ሁሉ ማን ገነባው ልጄ?»

ጠያቂዋ ዕድሜያቸው ሰባን የተሻገረ እናት ናቸው። ከጎጃም ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው፣ «ጎንደር ድረስ ደርሼ የፋሲልን ግንብ ሳላይ ብመለስ ምን እባላለሁ» ብለው ነጠላቸውን ተከናንበው ከእኛ ጋር የገቡ። ተጠያቂው አስጎብኚያችን ነው።

«አፄ ፋሲል ናቸው እማማ።»

«በእጃቸው?»

ሳቅን። አስጎብኚው ሳቀ፤ ከአዲስ አበባ የመጡት ወጣቶች ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። እማማ ግን አልሳቁም። ትንሽ ቆመው መልስ ጠበቁና መልስ እንደማይመጣ ሲረዱ ወደ ዛፉ ጥላ ሄደው ተቀመጡ። እኔ ይችን መጣጥፍ የምጽፈው ያን ቀን ስለሳቅሁት ሳቅ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ፋሲል ግቢን አራት ጊዜ ጎብኝቻለሁ። መጀመሪያ በተማሪነቴ፤ ሁለተኛ ለውጭ አገር ጋዜጠኞች አስተርጓሚ ሆኜ፤ ሦስተኛ ለጥምቀት፤ አራተኛው ሰፊ ጥገና ከተደረገለት ወዲህ፣ ከእኚህ እናት ጋር። አስጎብኚዎቹ አራቱም ጊዜ የተለያዩ ሰዎች ነበሩ፤ የሚናገሩት ግን አንድ ነበር። ከፋሲል ቤተ መንግሥት ይጀመራል። ከፍታው 32 ሜትር ገደማ፣ አራት ክብ ማማዎች፣ በየማማው አናት ላይ ጉልላት። ከዚያ የአፄ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት። ከዚያ በዝሆን ጥርስና በመስተዋት አጊጦ ነበር የሚባለው የአድያም ሰገድ ኢያሱ ግንብ። የአፄ ዳዊት የዘፈን አዳራሽ፣ የበካፋ ግብር ቤት፣ የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ… በመጨረሻም የአንበሶቹ ቤት። እዚህ ላይ ሁሌም ትንሽ ቆም ይባላል፤ ስለ አንበሶቹ አመጋገብ ይወራል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል።

ልብ በሉ! በዚያ 900 ሜትር ርዝመት ባለው ቅጥርና በ12ቱ በሮች ውስጥ አንበሳ እንኳ ቤት አለው፤ ታሪክም አለው። ድንጋዩን የጠረበው፣ ኖራውን ያቃጠለው፣ ጉልላቱን ያለ ብረት ያቆመው ሰው ግን የለም። አንዲትም ማቆሚያ፣ አንዲትም ዓረፍተ ነገር የለችውም።

በነገራችን ላይ፣ ለውጭ አገር ጋዜጠኞቹ ሳስተረጉም ጉብኝቱ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጅቷል። በአማርኛ ሲሆን አርባ ደቂቃ አልሞላም። ምክንያቱን ስጠይቅ «ወንድሜ፣ የአገሩ ሰው እኮ ያውቀዋል» ተባልሁ። እስቲ ማን አሳውቆን ነው የምናውቀው? ትምህርት ቤት ሳለን ስለ ጎንደር የተማርነው በአንድ ገጽ የሚያልቅ ነበር። ፈረንጁ ያላወቀውን ስለሚያምን ይጠይቃል፤ እኛ የማናውቀውን እናውቃለን እየተባልን እንታለፋለን። እኛም ላለማፈር ራሳችንን እንነቀንቃለን።

ወደ ግንበኛው ልመለስ። በዚያው ቀን ከወጣቶቹ አንዱ «ፖርቱጋሎች አይደሉም እንዴ የሠሩት?» ብሎ ነበር። አስጎብኚያችን ቱግ አለ። መቆጣቱ ትክክል ነው፤ እኔም ከጎኑ ቆሜያለሁ። አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1632 ነግሠው በ1636 ገደማ ጎንደርን ሲቆረቁሩ ኢየሱሳውያኑን ከአገር ያስወጡ ንጉሥ ነበሩ። ያባረሩትን ሰው ቤቴን ሥራልኝ ይሉታልን? ደግሞስ ከፋሲል በፊት፣ አፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ እንፍራዝ አጠገብ ያሠሩት የጉዛራ ግንብ ዛሬም ቆሟል። በደንቀዝ የአፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ሥራ ላይ የውጭ ሰው እጅ ነበረበት፤ ስለ ኖራ አሠራርም የሕንድ ሰዎች ይጠቀሳሉ፤ አብዱል ከሪም የሚባል ሕንዳዊ ግንበኛ ስም በአፈ ታሪክም በጽሑፍም ይነሣል። ይኼን መካድ አያስፈልግም። ጎንደር ከዓለም ጋር ትገበያይ የነበረች ከተማ ናት።

ግን ተከራክረን ስንረታ ምን አተረፍን? ፖርቱጋሉን ከግቢው አስወጥተን ንጉሡን በቦታው አስገባን። «ማን ገነባው?» የሚለው የእማማ ጥያቄ እንደቆመ ቀረ።

መልሱ የማይታወቅ ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር። ይታወቃል። የሰሜንና የወገራ ቤተ እስራኤሎች ከነገሥታቱ ጋር ብዙ ዘመን ተዋግተው በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ ተሸነፉ። ሲሸነፉ ርስታቸውን አጡ። ርስት ያጣ ሰው በዚያ አገር ምን ይበላል? በእጁ ይበላል። ቀጥቃጭ ሆኑ፣ ሸክላ ሠሪ ሆኑ፣ ሸማኔ ሆኑ፣ ከተማይቱ ስትቆረቆርም ግንበኛና አናጢ ሆነው ገቡ። ከመካከላቸው ለሙያቸው ማዕረግና መሬት የተሰጣቸው እንደነበሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ያወሳሉ። የጎንደር እስላሞችም ነጋዴና ሸማኔ ሆነው ከተማይቱን ያቆሙ ናቸው፤ በግንቡ አዳራሽ የተነጠፈው ምንጣፍና የተሰቀለው ሐር ከባሕር ማዶ በማን ትከሻ መጣ? በባርነት ተይዘው መጥተው የቤተ መንግሥቱ ዘበኛ የሆኑም ነበሩ።

ታዲያ የነዚህ ሰዎች ዋጋ ምን ሆነ? እ.ኤ.አ. በ1668፣ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ እስላሙም ቤተ እስራኤሉም ከክርስቲያኑ ተለይተው በየራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ተወሰነ። ዮሐንስ ማለት እኮ ያ ቤተ መጻሕፍቱ እየታየ «ጻድቁ» የሚባልለት ነው። አዲስ ዓለምና ካይላ ሜዳ የሚባሉት ስሞች የዚያ ውሳኔ ፍም ናቸው። አስጎብኚው ከሰገነቱ ላይ ሆኖ «አየሩ ጥርት ሲል ጣና ይታያል» ብሎ እጁን ዘርግቶ አሳየን። ከኮረብታው ሥር፣ ከእግራችን በታች ያለውን ሰፈር ግን አላሳየንም። ሩቁን ማሳየት ይቀላል መሰለኝ።

አሁን የራሴን ጉድ ልናገር። አያቴ ወገራ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ካለች የገጠር ቀበሌ ነበሩ። ልጅ ሳለሁ ክረምቱን እሳቸው ዘንድ ነበር የማሳልፈው። ከቤታቸው ቁልቁል ጣሪያ የሌላቸው የድንጋይ ቤቶች ነበሩ፤ ሣር በቅሎባቸው ፍየል ይጋጥባቸዋል። «ወደዚያ እንዳትሄድ፣ የቡዳ ቤት ነው» ይሉኝ ነበር። ባለቤቶቹ በግንቦት 1983 ዓ.ም. በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ወደ እስራኤል ከወሰደው የአየር ጉዞ ጋር የሄዱ ናቸው። አያቴ ምጣዳቸውን ግን ከዚያው ቤት ከወጣች ሸክላ ሠሪ ነበር የገዙት፤ ሲሞቱም ምጣዱ አልተሰነጠቀም። የማረሻው ብረትም የዚያው ቤት ሥራ ነበር። እንጀራችንን የጋገረልን ምጣድና ያረሰልን ማረሻ ከቡዳ ቤት የመጣ ነው ማለት ነው። እጁን ስንፈልገው ባለሙያ፣ ዓይኑን ስናየው ቡዳ! በፋሲል ግቢ የሚነገረው ታሪክ ግንበኛ የሌለው ለምን እንደሆነ የገባኝ ያን ምጣድ ሳስታውስ ነው። አስጎብኚው አልፈለሰፈውም። ከአያቶቻችን ወርሶት ነው።

«ጎብኚ ሊዝናና ነው የሚመጣው፤ የባሪያና የቡዳ ወሬ ምን ያደርግለታል?» የሚል ይኖራል። ቨርጂኒያ የምትኖር የአክስቴ ልጅ እንግዳ በመጣባት ቁጥር የምታሳየው ሞንቲቼሎ የሚባል የቶማስ ጀፈርሰን ርስት አለ። ጀፈርሰን ሰው ሁሉ እኩል ተፈጠረ ብሎ የጻፈው ሰው ነው፤ በሕይወት ዘመኑም ከ600 በላይ ሰዎች በባርነት ይዟል። ዛሬ እዚያ የሚገባ ጎብኚ ስለ ጌትዬው መጻሕፍትና ወይን ጠጅ ብቻ ሰምቶ አይወጣም። ምስማር ሲቀጠቅጡ ስለሚውሉ ባሪያ ልጆች፣ ስለ ሳሊ ሄሚንግስ ይነገረዋል። የአክስቴ ልጅ እንደነገረችኝ ከጎኗ የቆመ አንድ ሰውዬ ይኼን ሲሰማ «የመጣሁት ለዚህ አይደለም» እያለ አጉረመረመ። ገንዘቡ ግን አልተመለሰለትም። ቤቱም በዚህ ምክንያት አልፈረሰም፤ ሰው አሁንም እየተሰለፈ ይገባል። እንዲያውም ልጅቱ ሦስት ጊዜ የተመላለሰችው በዚህ ምክንያት ነው።

እኛ ግን የሚያሳፍረንን ሁሉ ከግቢው እየጠረግን እናወጣለን። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስትሄዱ እ.ኤ.አ. በ1888 ድርቡሽ ጎንደርን እንዳቃጠለና ይህችን ቤተ ክርስቲያን የንብ መንጋ እንዳዳናት ይነገራችኋል። ደግ። እ.ኤ.አ. በ1866 ግን ጎንደርን የዘረፈና ያቃጠለ ሌላ ሰው ነበር፤ ቋረኛው አፄ ቴዎድሮስ። ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የተወሰዱት መጻሕፍት መቅደላ ገቡ፤ ከዚያ በ1868 እንግሊዝ ወሰዳቸው። የእንግሊዝን ሌብነት በየመድረኩ እናወግዛለን፤ መጽሐፉ መቅደላ እንዴት እንደደረሰ ግን አናነሣም። አስጎብኚያችንን ለብቻው ይዤ ስጠይቀው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አውቃለሁ፤ ግን ይኼን ብናገር እዚሁ የሚጣላኝ አይጠፋም» አለኝ። እውነቱን ነው። የሚጣላው እኔና እናንተ ነን። ጉርሻውን የምንሰጠው እኮ ለሚያሞግሰን ነው።

ስለዚህ ክሱ አስጎብኚው ላይ ብቻ እንዲወርድ አልፈልግም። ከ2012 ዓ.ም. ኮሮና እስከ ሰሜኑ ጦርነት፣ ከዚያም በ2015 ዓ.ም. ክልሉ ውስጥ ከተቀሰቀሰው ግጭት ወዲህ የዚህ ሙያ ሰዎች እንዴት እንደከረሙ አይቻለሁ። ተማሪ ሳለሁ ግቢውን ያስጎበኘኝ ሰው ዛሬ ባጃጅ ይነዳል። ተኩስ በሚሰማበት ከተማ ጎብኚ ጠብቆ የሚቆም ሰው ላይ ድንጋይ መወርወር ነውር ነው። እኔ የምጣላው ከተሰጠው ጽሑፍ ጋር ነው፤ ጽሑፉን ከሚያጸድቁት፣ ሥልጠናውን ከሚሰጡት፣ «የአፍሪካ ካሜሎት» እያሉ በየበራሪው ወረቀት ከሚያትሙት ጋር። ካሜሎት እኮ በተረት እንጂ በምድር የሌለች ከተማ ናት! እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስ መዝገብ የገባችውን፣ ድንጋይዋ የሚዳሰሰውን ከተማ በሌለች ከተማ ስም መጥራት ክብር ሆኖ ነው?

«ሰው እየሞተ ባለበት ጊዜ ስለ ግንበኛ ታወራለህ?» የሚለኝንም እሰማዋለሁ። ማን የአገሩ ሰው ነው፣ ማን መጤ ነው፣ ይህ ግንብ የማን ነው እየተባለ ደም በሚፈስበት ጊዜ ካልተወራ መቼ ሊወራ ነው?

ለመሆኑ ምን ያህል ከባድ ነገር ጠየቅሁ? ከቤተ መንግሥቶቹ አንዱ ጥግ ላይ ጠራቢው፣ ኖራ አቃጣዩና አናጢው የሚነገርበት አንድ ማቆሚያ። ከሰገነቱ ላይ ከጣና በፊት አዲስ ዓለምና ካይላ ሜዳ የሚታዩበት አንድ ደቂቃ። በአማርኛ የተጻፈ፣ ከእንግሊዝኛው ያላጠረ ማስረዳት። አንድ ሌላም አለ። የ17ኛው መቶ ዓመት ግንበኞች ስማቸው ከነሱ ጋር ተቀብሮ ይሆናል፤ ይኼን ግንብ በቅርቡ ሲጠግኑ የከረሙት ግን የቀን ሒሳብ የተቀበሉ፣ የፈረሙ ሰዎች ናቸው። ፒያሳ ሻይ ቤት ውስጥ ከአንዱ ጋር ተቀምጫለሁ፤ በኖራ የተበላ ጣቱን አሳይቶኛል። ስሙ ከመመረቂያ ሰሌዳ ላይ አይገኝም፤ ከክፍያ መዝገብ ላይ ግን አይጠፋም። ከዚያ መገልበጥ ስንት ቀን ይወስዳል?

በማግስቱ በደባርቅ መንገድ ወጣ ብዬ ወለቃ ሄድሁ። «የፈላሻ መንደር» የሚል ጽሑፍ መንገዱ ዳር አለ፤ እነሱ ራሳቸው ስድብ ነው የሚሉት ስም ለገበያ ቆሞ። ደሳሳ ጎጆ ደጃፍ ላይ አንዲት ሴት ከጥቁር ሸክላ የተሠሩ ትናንሽ አንበሶች፣ የዳዊት ኮከብ ያለባቸው ማሰሮዎች ደርድራለች። ከነሱ ወገን እንደሆነች ጠየቅኋት።

«ኧረ እኔስ ክርስቲያን ነኝ» አለች ማተቧን በጣቷ ሳብ አድርጋ። «እነሱማ ሄደዋል። ሙያውን እናቴ ከነሱ ለምዳ ነው።»

«እናትሽን ሰው ምን ይላት ነበር?»

ዝም አለች። ከዚያ አንዱን አንበሳ አንሥታ አቧራውን በቀሚሷ ጠረገችው።

«ልጠቅልልህ?»